ያልተቀቡት ሁለት ስፍራዎች፦ ስለ ፖል ሴዛን የዕለት ተዕለት ሥራና ስለ ጉድለት

በፓሪስ ከተማ ፔቲ ፓሌ በሚባለው ቤተ መዘክር የሚገኘውን፣ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ሴዛን በ1899 ዓ.ም. (በዚህ ሐተታ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የሣለውን የሥዕል ነጋዴውን የአምብርዋዝ ቮላርን ምስል ቀርቦ በጽሞና የሚመለከት ሰው፣ በጭኑ ላይ ባረፈው በተቀማጩ እጅ ቀለም ያልደረሰባቸው፣ ሸራው እንዳለ የሚታይባቸው ሁለት ትናንሽ ስፍራዎች ያገኛል። ቮላር በ1914 ባሳተመው መጽሐፉ እንደሚተርከው ለዚህ ሥዕል 115 ጊዜ ተቀምጧል፤ እንቅልፍ ሸልቦት ከከፍታው ላይ ከነወንበሩ በወደቀ ጊዜም፣ ሰው ለሥዕል ሲቀመጥ እንደ ፖም ፍሬ ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ እንዳለበት ተነግሮት ብርቱ ተግሣጽ ደርሶበታል። ሠዓሊው ግን ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ሥራውን አቋርጦ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ኤክስ ሲመለስ፣ በሥዕሉ ላይ ባለው የሸሚዝ ደረት ቅር እንዳልተሰኘ ብቻ ተናገረ። ስለ ሁለቱ ባዶ ስፍራዎች በተጠየቀ ጊዜም፣ በሉቭር ቤተ መዘክር በቀደሙት ሊቃውንት ሥዕል ላይ የያዘው ጥናት ከሰመረለት ምናልባት ተገቢውን ቀለም ሊያገኝላቸው እንደሚችል፣ ነገር ግን እንዲያው በዘፈቀደ አንዳች ቀለም ቢያኖርባቸው ከዚያች ስፍራ ተነሥቶ ሥዕሉን በሙሉ እንደገና ለመሥራት እንደሚገደድ መለሰ።

ይህ መልስ ከትሕትና የመነጨ ወይም የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ማመንታት ሊመስል ይችላል፤ ስለ ሴዛን ከጻፉት ብዙዎቹም ጥርጥሩን የጠባይ ነገር፣ የተጨነቀች ነፍስ ምልክት አድርገው ተቀብለውታል። እኔ ግን ለማሳየት የምሻው፣ የዚህ ሰው ዝግታና ጥርጥር፣ ጅምሩን ሳይፈጽም መተዉም ጭምር፣ የፈቃድ ድካም ወይም የችሎታ ማነስ ያመጣው ሕፀፅ ሳይሆን፣ ራሱ ለራሱ ከደነገገው የሥራ ሕግ በቀጥታ የተወለደ መሆኑን ነው። በእርግጥ ቮላር ጨዋታ አዋቂ ነጋዴ ስለ ነበረ ነገሩን ለአንባቢ ሳያጣፍጥ አላለፈም፤ የሴዛንን የሽምግልና ንግግር በሰፊው የጻፈው ባለቅኔው ዦአኪም ጋስኬ ደግሞ የራሱን ቃል በሠዓሊው አፍ እንዳኖረ ሊቃውንት አጥብቀው ይጠረጥራሉ። ስለዚህ በአፍ የተነገረውን ሁሉ በሸራው ላይ ከተጻፈው ጋር ማመሳከር ይገባል፤ ለሁለቱ ባዶ ስፍራዎች ግን ሸራው ራሱ እስከ ዛሬ የማይታበል ምስክር ነው።

ሕጉ ምን ነበረ? ሴዛን ከ1872 ጀምሮ በፖንትዋዝና በኦቬር መንደሮች ከሠዓሊው ከካሚይ ፒሳሮ ጎን ቆሞ ሲሠራ፣ በወጣትነቱ የለመደውን፣ ከውስጥ የሚፈላ ስሜቱን የሚያፈስበትን ጨለማና ወፍራም ቀለም ትቶ፣ በፊቱ ያለውን ፍጥረት በትዕግሥት መመልከትን ተማረ። ከኢምፕሬሽኒስቶች ጋር በ1874 እና በ1877 ሥራውን ለሕዝብ አሳየ፤ ነገር ግን እነርሱ አላፊውን ብርሃን በቅጽበት ለመያዝ ሲሽቀዳደሙ፣ እርሱ ያንኑ ብርሃን ሳይለቅ የነገሮችን ክብደትና ጽናት ጭምር ፈለገ። የፖምን ክብነት ለማሳየት ከነጭ ወደ ጥቁር በጥላ ማሸጋገር የቆየ ልማድ ነው፤ ሴዛን ግን ከቢጫው ወደ ብርቱካናማው፣ ከብርቱካናማው ወደ ቀዩ፣ ከቀዩም ወደ ወይን ጠጁና ወደ ሰማያዊው በትናንሽ የብሩሽ ንክኪዎች እየተሻገረ፣ ሙቁ ቀለም ወደ ፊት ሲመጣ ቀዝቃዛው ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የፍሬው አካል ያለ ጥላ እንዲቆም አደረገ። እንዲህ ባለው አሠራር የትኛዋም ንክኪ ለብቻዋ ትክክል ወይም ስሕተት አይደለችም፤ ትክክለኛነቷን የምታገኘው ከጎረቤቶቿ ነው፤ በገና ደርዳሪ አንዱን አውታር ባጠበቀ ቍጥር ከቀሩት ዘጠኙ ጋር መስማማቱን መልሶ እንደሚፈትን፣ ሴዛንም አንዲት ቀለም ባኖረ ቍጥር ሸራውን በሙሉ ለምርመራ ይጠራው ነበር። እንግዲህ በጠቆር ያለ ልብስና በነጭ ሸሚዝ አቅራቢያ፣ በሥዕሉ እምብርት ያለው እጅ ላይ በግምት የተጣለ ቀለም በዙሪያው ያለውን ሁሉ እንዳያናጋ መፍራቱ፣ ከሥራው ባሕርይ የወጣ ርቱዕ ፍርድ እንጂ የሕሙም ሥጋት አልነበረም። ያልተቀባው ስፍራ፣ ሠዓሊው የሚያውቀው በየት እንደሚያበቃ በሐቅ የተናገረበት ስፍራ ነው።

ከዚህ ሕግ የሚከተለው የዕለት ኑሮ ግን እጅግ ከባድ ነበር። ኤሚል በርናር የተባለው ወጣት ሠዓሊ በ1904 ወደ ኤክስ ወርዶ ሽማግሌውን በጎበኘ ጊዜ፣ ሴዛን በምንጣፍ ላይ የተቀመጡ ሦስት የራስ ቅሎችን ይሥል ነበር፤ በየማለዳው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል እየሠራ አንድ ወር ሲያሳልፍ፣ ሥዕሉ በየቀኑ ማለት ይቻላል ቀለሙንም ቅርጹንም ይለውጥ እንደ ነበር፣ በርናር በደረሰበት ቀን ግን አልቋል ተብሎ ከማቆሚያው ሊወርድ ይችል እንደ ነበር ጽፏል። ይህን ምስክርነት ያነበበ ሰው አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም፤ ያለቀ ይመስል የነበረውን ሥራ በማግሥቱ እንዲያፈርስ የሚያስገድደው ምንድር ነው? መልሱ ዓይኑ ከቀን ወደ ቀን ይበልጥ ማየቱ ይመስለኛል። ትናንት ያላየውን የቀለም ልዩነት ዛሬ ካየ፣ የትናንቱ ሥዕል ለዛሬው ዓይን ሐሰት ይሆንበታል፤ ዓይኑን በመሥራት የሚያሠለጥን ሰው ደግሞ ከሥራው ቀድሞ መሄዱ ግድ ነው።

ኅሊናን በአንድ ነገር ላይ አጽንቶ ማቆየት ለማንኛውም የጥበብ ሰው ፈተና ነው፤ ሴዛን ይህን ፈተና የተዋጋው በመንፈስ ብርታት ብቻ ሳይሆን የኑሮውን ሥርዐት በማደላደል ነበር፤ ይህም ከተሰጠው ግምት የበለጠ ሊታሰብበት ይገባል። አበባ በእጁ ላይ ስለሚጠወልግበት የወረቀት አበባ ይጠቀም ጀመር። ከአፈ ቀላል ተቀማጭ ይልቅ ፖምን፣ ሽንኩርትን፣ የዝንጅብል ማሰሮን፣ የራስ ቅልን መረጠ። በ1901 ከኤክስ በስተሰሜን ሌ ሎቭ በሚባለው ኮረብታ መሬት ገዝቶ፣ ትልልቆቹ ሸራዎች እንዲወጡና እንዲገቡ በግድግዳው ላይ ረዥም ስንጥቅ የተተወለት የሥራ ቤት አሠራ። ከዚያ አካባቢ የሚታየውን፣ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ የሆነውን የሳንት ቪክትዋርን ተራራ ከ30 ጊዜ በላይ በዘይት ቀለም፣ ብዙ ጊዜም በውኃ ቀለም ሣለው። በመስከረም 1906 ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ በወንዝ ዳር በአንዲት ስፍራ ቆሞ ጥቂት ወደ ቀኝ፣ ጥቂት ወደ ግራ በማዘንበል ብቻ ለወራት የሚበቃ ሥራ እንደሚያገኝ ይገልጣል። ይህ የምናብ ድህነት ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን የፍሬያማ ተዐቅቦ አብነት አድርጌ አየዋለሁ። ሴዛን ምን ልሣል የሚለውን ጥያቄ ከፊቱ ያስወገደው፣ እንዴት ልይ ለሚለው ጥያቄ ጉልበቱን በሙሉ ለመስጠት ነው።

የዘመኑ ሰዎች ግን ይህን አልተረዱለትም። ደራሲው ዦሪስ ካርል ኡይስማንስ ነገሩን ከዓይን ሕመም ቈጠረው። ከሁሉ የሚያሳዝነው የልጅነት ወዳጁ የኤሚል ዞላ ፍርድ ነው፤ ዞላ በ1886 ባወጣው ልቦለድ፣ ታላቅ ነገር አስቦ መፈጸም የተሳነው፣ በመጨረሻም ባልጨረሰው ሸራ ፊት ራሱን የሚሰቅል ሠዓሊ ፈጠረ፤ ገጸ ባሕርዩ ከበርካታ ሰዎች የተቀዳ ቢሆንም ሴዛን በውስጡ መኖሩን ማንም አልሳተውም። መጽሐፉ የሁለቱን ወዳጅነት ወዲያው እንደ ቈረጠው ለረዥም ጊዜ ሲነገር ኖሯል፤ ነገር ግን ሴዛን በ1887 ለዞላ የጻፈው ደብዳቤ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ ተገኘ ይህ ትረካ መታረም ይገባዋል። ለእኔ ከጠቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ የዞላ ሐሳብ ነው። ልቦለዶቹን በዕቅድና በቀጠሮ እየጻፈ፣ ቅጽ በቅጽ ላይ እየደረበ የሚፈጽም ታታሪ ሰው ስለ ነበረ፣ ሥራ ማለት ለእርሱ መፈጸም ነበር፤ ያልተፈጸመውን ሁሉ እንደ ጨነገፈ ቈጠረው። የዞላ ሠዓሊ ባዶ ስፍራ ሲያይ ተስፋ ይቈርጣል፤ ሴዛን ግን ባዶውን ስፍራ ትቶ በማግሥቱ ማለዳ ወደ ሥራው ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል ያን ያህል የቀረበ ወዳጅ አለማየቱ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ይህን ስል ግን የሴዛንን ድካም ቅድስና ለማልበስ አልሻም፤ ዛሬ ስለ ጥበብ የሚጽፉ አንዳንዶች ማናቸውንም ጉድለት ውበት አድርገው ለመስበክ ስለሚቸኵሉ ይህን ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። በንዴት የቀደዳቸውና የጣላቸው ሸራዎች ነበሩ፤ እነዚያን እርሱ ራሱ ውድቀት ብሏቸዋል፣ የምንቃወምበትም ምክንያት የለንም። ለሥራው ዝግታ ሌሎችም ዋጋ ከፍለዋል፤ ሚስቱ ኦርታንስ ፊኬ ከ20 በላይ ለሆኑ ምስሎች ተቀምጣለች፣ ፊቷ ላይ የሚነበበው ዝምታም ከሠዓሊው የቀለም ጥናት ብቻ የመጣ ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። በ1895 ሐያሲው ጉስታቭ ዤፍሯ በመጻሕፍቱ መካከል ለሦስት ወራት ያህል ከተቀመጠለት በኋላ፣ ሴዛን ሥራው ከአቅሙ በላይ መሆኑን ገልጦ ዕቃውን አስመጣ፤ ከልመና በኋላ ለጥቂት ቀናት ቢመለስም መጨረስ አልቻለም። የመጻሕፍቱ መደርደሪያና በጠረጴዛው ላይ የተዘረጉት ወረቀቶች በጥብቅ ተሠርተው ሳሉ ፊቱና እጆቹ በጅምር ቀርተዋል። እዚህ ላይ ከቮላር ሥዕል የተለየ ነገር አለ፤ ባዶው ወይም ጅምሩ ስፍራ የምስሉ ዋና ነገር፣ የሰውየው ፊት ነው፤ ይህም የማይካድ እውነተኛ ሽንፈት ይመስለኛል፤ ሥዕሉ ታላቅ ነው፣ ታላቅነቱ ግን ሽንፈቱን አይሰርዘውም።

በመጨረሻው ዓመት የስኳር ሕመም ያደከመው ሴዛን ገላቸውን የሚታጠቡ ሴቶችን ባሳየባቸው ታላላቅ ሸራዎች ላይ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ በፊላደልፊያ ያለው ቁመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን፣ በብዙ ስፍራ ሸራው በቀጭን ቀለም ብቻ ተሸፍኖ ይታያል። በመስከረም ለበርናር በጻፈው ደብዳቤ፣ ያን ያህል ዘመን ሲፈልገው ወደ ኖረው ግብ ይደርስ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ዝግ ያለ እድገት እንደሚታየውም ይጨምራል። ጥቅምት 15 ቀን በሜዳ ሲሠራ ዝናብ ደብድቦት ወደቀና በልብስ አጣቢ ጋሪ ወደ ቤቱ ተወሰደ፤ በማግሥቱ ማለዳ ግን የአትክልተኛውን ምስል ለመሥራት ወደ ሥራ ቤቱ ወጣ። ጥቅምት 17 ቀን ለቀለም ነጋዴ፣ ካዘዘ ስምንት ቀን የሆነውን አሥር ቱቦ ቀይ ቀለም ለምን እንዳልላከለት እየወቀሰ ጻፈ። ከዚያም አንድ ሳምንት ሳይሞላ አረፈ።

ይህ ትግል ለሌሎች ሠዓሊዎች ምን እንዳተረፈ ለማወቅ የሚሻ፣ ከብዙ ሐተታ ይልቅ አንድ ነገር ቢመለከት ይበቃዋል። ወጣቱ ኦንሪ ማቲስ በ1899፣ ራሱ ገና ሳይታወቅና ገንዘብ ተቸግሮ ሳለ፣ የሚታጠቡ ሦስት ሴቶች የተሣሉባትን አንዲት ትንሽ የሴዛን ሸራ ከቮላር ገዛ፤ ከባድ የኑሮ ችግር ባገኘው ጊዜም አልሸጣትም። በ1936 ለፔቲ ፓሌ ሲያስረክብ፣ በሥራው ዘመን በተፈተነባቸው ሰዓቶች ሁሉ ብርታት እንደ ሰጠችው ገለጠ፤ በ37 ዓመታትም በሚገባ እንዳወቃት፣ ነገር ግን ፈጽሞ አውቆ እንዳልጨረሳት ተስፋ እንደሚያደርግ ጨመረ።