ከገዳሪፍ ስንት ሰዓት ይበረራል?

የበረራ ዕቅድ ለምናወጣ ሰዎች ከሁሉ ቀድሞ የሚቀርበው ጥያቄ «ከዚህ እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» የሚል ነው። ብዙዎች ርቀቱን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት አካፍለው መልሱን ያገኙ ይመስላቸዋል። ርቀቱስ ቀላል ነው፤ የሁለቱ ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ከታወቀ፣ በምድር ክብ ገጽ ላይ ያለው አጭሩ መስመር ወዲያው ይሰላል። እኔ ግን ሰዓቱን ከርቀትም ከፍጥነትም በላይ የሚወስነው ፈቃድ ነው እላለሁ፤ በመስመሩ ሥር ያሉ አገሮች ማለፍን መፍቀዳቸው ወይም መከልከላቸው። ለዚህ በምሥራቅ ሱዳን ያለችውን የገዳሪፍን ያህል የጠራ ማስረጃ አላውቅም።

በ1977 ዓ.ም. ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ድንበር ተሻግረው ሱዳን የገቡ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁዶች) በገዳሪፍ ዙሪያ፣ በኡም ራኩባና በሌሎች መጠለያዎች ነበሩ። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 እነርሱን ወደ እስራኤል ለማጓጓዝ በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ በሌሊት በአውቶቡስ ካርቱም እየተወሰዱ በአንድ የቤልጂየም ኩባንያ ቦይንግ 707 ተሳፈሩ። ከካርቱም ቴል አቪቭ በቀጥታ 1,840 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለጄት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። የሱዳኑ የኒሜሪ መንግሥት ቀጥታውን በረራ ስላልፈቀደ ግን ጉዞው በብራስልስ ዞረ። 4,650 ሲደመር 3,250፣ ወደ 7,900 ኪሎ ሜትር፤ ከአራት እጥፍ በላይ! በአየር ላይ ብቻ አሥር ሰዓት ግድም ይሆናል። በመጋቢት ደግሞ የአሜሪካ ሲ-130 አውሮፕላኖች ከገዳሪፍ አጠገብ 500 ያህል ሰዎችን ጭነው ደቡብ እስራኤል ወዳለ የጦር ሰፈር በቀጥታ በረሩ። ሲ-130 ባለ ፕሮፔለር ነው፤ በፍጥነት ከ707 እጅግ ያንሳል። ሆኖም በእኔ ስሌት ይህ በረራ ከአራት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ዘገምተኛው ፈጣኑን የቀደመው ቀጥታው መንገድ ስለተከፈተለት ነው። ከጎንደር ገዳሪፍ በቀጥታ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ለጄት ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይሞላ። እነዚያ ሰዎች ግን ሳምንታት ተጉዘውበታል፣ ወራት ጠብቀዋል፤ በመንገድና በመጠለያ 4,000 ያህሉ እንደሞቱ ይነገራል። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው አውሮፕላኑ ከማቆሚያው ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ ነው፤ ለተጓዡ ይህ ከጉዞው ትንሿ ክፍል ልትሆን እንደምትችል መርሳት አይገባንም።

ይህ በምስጢር የተደረገ፣ ለዘወትር በረራ ምሳሌ የማይሆን ነገር ነው የሚል ይኖራል፤ የዘወትሩም በረራ ግን ከፈቃድ አያመልጥም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ የሱዳን ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘጋ። ከአዲስ አበባ ካይሮ በቀጥታ 2,470 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መስመሩ ከገዳሪፍ በስተምሥራቅ አልፎ ምሥራቅ ሱዳንን ያቋርጣል። በዚያን ጊዜ ይህ የዘወትር በረራ ዙሪያውን መሄድ ግድ ሆነበት። ርቀትስ ታዲያ ጥቅም የለውም ወይ? አለው፤ ማንም ዕቅድ ከእርሱ በታች ሊወርድ አይችልም። ስለዚህ በዕቅዱ ላይ ቀጥታው ርቀትና የሚበረረው ርቀት ጎን ለጎን መጻፍ አለባቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ተጨማሪ ነዳጅ ነው፣ አውሮፕላኑ ሲከብድም ከጭነቱ የሚቀነሰው ኪሎ ከዚያ ይታወቃል።