ቢጫው ቱቦ የማን ነው?

ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር ጠላቂ ዕቃ ምን አገባን የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኔንም ባለፈው ኅዳር አንድ ወዳጄ ከአሜሪካ መጥቶ የእናቴን የምግብ ጠረጴዛ ጋራዥ እስኪያደርገው ድረስ አያገባኝም ነበር። ጅቡቲ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሊጠልቅ እግረ መንገዱን እኛ ቤት አርፏል። ጋዜጣ አንጥፎ፣ የሚተነፍስበትን ሬጉሌተር በኪያቤ ፈታትቶ፣ ምስር የሚያካክሉ የጎማ ቀለበቶችን በተርታ ደርድሯል። እናቴ ቆማ አየችውና፣ «ልጄ፣ ትንፋሽህን ነው እንዴ የፈታኸው?» አለችው።

«አዎ እማማ፤ ባለሙያ የተባለው ስላበላሸብኝ ነው።»

ዕቃው እንዲህ ነው። ጠላቂው በጀርባው በሚያዝለው ሲሊንደር ውስጥ አየር እስከ 200 ባር ታምቆ ይገባል። የሬጉሌተሩ የመጀመሪያ ክፍል ይህን ጉልበት በዙሪያው ካለው የውኃ ግፊት በ10 ባር ገደማ ብቻ እንዲበልጥ አድርጎ ያበርደዋል። አፍ ውስጥ የሚያዘው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ሰውየው በሳበ ቁጥር ብቻ ያቀብለዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 የባሕር ኃይል መኮንኑ ዣክ ኩስቶና ኢንጂነሩ ኤሚል ጋኛን ፈረንሳይ ውስጥ ሲሠሩት፣ መነሻቸው ጋኛን በጦርነቱ ቤንዚን ሲጠፋ መኪና በጋዝ እንዲሄድ ያበጀው ቫልቭ ነበር። ከወጥ ቤታችን የቡታጋዝ ሬጉሌተር ጋር የሥጋ ዘመድ ነው ማለት ነው።

አምራቾቹ ታዲያ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ «በዓመት በሁለት ዓመቱ ለተፈቀደለት ቴክኒሻን ስጥ፤ አንተ አትንካው» ነው የሚሉት። መለዋወጫውንም መመሪያውንም ለባለቤቱ አይሸጡም። ለምን? የሕይወት ጉዳይ ነዋ! እዚህ ላይ ከወዳጄ ጎን ነኝ። እዚያው አሜሪካ የመኪና ፍሬን ሸራ ማንም ከሱቅ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ይገጥማል፤ ፍሬን ደግሞ ሲከዳ የሚገድለው ባለቤቱን ብቻ አይደለም። የተፈቀደለት የሚባለውም ሰው አንዳንዴ የአንድ ቀን ሥልጠና ወስዶ ነው የተፈቀደለት። ወዳጄ ከመቶ ዶላር በላይ ከፍሎ፣ ወር ጠብቆ፣ ዕቃው ሲመለስለት አየር ያፈሳል። የእኛን ጋራዦች አስታወሰኝ፤ ሞተር ገጥመው ሁለት ብሎን ሲተርፋቸው፣ «ግድ የለም ጋሼ፣ ይኼ ባይኖርም ይሄዳል» የሚሉትን። «ለደኅንነትህ ነው» ከሚለው ቃል ግማሹ ለካዝናቸው ነው ብል ኃጢአት አይሆንብኝም።

ግን ሰውየው ገጥሞ ሲጨርስ፣ «በል እንሞክረው» አልኩት።

«በምን ሲሊንደር? ጅቡቲ ስደርስ ጀልባው ላይ እሞክረዋለሁ።»

ይኼኔ ነው የተለያየነው። እናቴ እንኳ የቡታጋዝ ሬጉሌተር በቀየረች ቁጥር የሳሙና አረፋ ቀብታ ሳታይ ክብሪት አትጭርም። የዚህኛው ፈተና ደግሞ ከአረፋም ያልፋል። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለውን ግፊት የሚያሳይ ማኖሜትር ይገጠማል። መርፌዋ አንድ ቦታ ደርሳ ቀጥ ማለት አለባት፤ ቀስ እያለች ወደ ላይ ከሳበች ውስጡ አልዘጋም። አብዛኛው ሬጉሌተር ሲበላሽ አየር መልቀቅ እንጂ መከልከል አያውቅም፤ ደግ ይመስላል። ግን 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ወለል በላይ ካለው አራት እጥፍ ነው፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ ከሲሊንደሩ የአራት ትንፋሽ ያህል ይወስዳል። እዚያ ታች አየሩ መንፎልፎል ከጀመረ ሲሊንደሩ በደቂቃዎች ውስጥ ባዶ ይቀራል። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው! መፍታቱን አልተቃወምኩም። ጀልባ ላይ፣ ገንዘብ ተከፍሎ፣ ሰው ሁሉ ልብሱን ለብሶ «ቶሎ በል» እያለ የሚደረግ ፈተና ግን ፈተና አይባልም። መርፌዋ ትንሽ ብትስብ «ምንም አይል» ማለት ይቀናል፤ እኔ ብሆን እላለሁ።

ከሬጉሌተሩ አንድ ቢጫ ቱቦ ተንጠልጥሏል። «ይኼስ?» አልኩት።

«እሱ የእኔ አይደለም። አብሮኝ የሚጠልቀው ሰው አየር ቢያልቅበት የሚተነፍስበት ነው።»

«ታዲያ ሰውየው አንተ እንደፈታኸው ያውቃል?»

ዝም አለ።

በራሴ ሕይወት ማን ያገባዋል የሚለው ክርክር እዚህ ቱቦ ላይ ሲደርስ ያነክሳል። አምራቾቹም ይህን ቱቦ ይዘው ቢከራከሩ ኖሮ ባከበርኳቸው፤ እነሱ የሚያነሱት ግን ዋስትናና ፈቃድ ነው። ሰው የራሱን ዕቃ ይፍታ፣ መለዋወጫውም መመሪያውም ይሸጥለት፤ ቢጫውን የሚይዘው ሰው ግን ማን እንደገጠመው፣ በምንም እንደተፈተነ ውኃ ውስጥ ሳይገባ ይነገረው። ቴክኒሻኑም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ መርፌዋ የት ላይ እንደቆመች ጽፎ ይስጥ።

በሦስተኛው ቀን ከጅቡቲ ደወለ። አንድ ቀን ቀድሞ ሲሊንደር ተከራይቶ፣ ሆቴሉ ውስጥ ሞክሮታል። «መርፌዋ ቀጥ አለች!» ድምፁ እንደ ተመራቂ ነው።

«ለጓደኛህስ ነገርከው?»

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ እስቲ እኔም ልያት አለ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ መርፌዋ ላይ አፍጥጦ ነበር።»

እናቴ ከወጥ ቤት ሆና፣ «ወጣ ወይ? ወጣ?» ትላለች። ገና አልገባም።