የካሊፐር ጎሚኒና የዓባይ በረሃ ቁልቁለት

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ደጀንን እንዳለፈ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ወደ 1,400 ሜትር ቁልቁል ወርዶ ዓባይ ድልድይ ላይ ይደርሳል። ሰው ጭኖ 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቤት መኪና በዚህ ቁልቁለት የሚያወጣው ጉልበት እንዳለ ወደ ሙቀት ቢቀየር 60 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይሸከሙታል፤ የቀረው ሸራውና ዲስኩ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የጎጃም ሰው ስለ ፍሬኑ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። የካሊፐሩን የላስቲክ ጎሚኒ አውጥቶ ነሐስ ማስገባት ግን የዚህ ጭንቀት መድኃኒት አይደለም። ለመንገድ መኪና የሚበጀው ማሻሻያ ላስቲኩን ማደስ፣ ፒኑን ማጽዳትና ትክክለኛውን ግራሶ መቀባት ነው።

በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች የፊት ካሊፐር ላይ ፒስተን ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ይገፋል፤ ካሊፐሩ ደግሞ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የውጩን ሸራ ወደ ዲስኩ ይስባል። ፒኑ ከያዘ የውጩ ሸራ ሥራውን በሚገባ አይሠራም። ማስረጃው እዚያው ነው፤ ሁለቱን ሸራዎች አውጥቶ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። የውስጡ አልቆ ብረቱ ሊደርስ ሲል የውጩ ገና ግማሹ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፒኑ ነው። አንዱ ሸራ በአንድ ጫፉ ሳስቶ በሌላው ወፍሮ ከተገኘ ደግሞ ወይ ፒኑ የሚንሸራተትበት ጎሚኒ ላልቷል፣ ወይ ከፒኖቹ አንዱ ብቻ ይዟል። ቀጥሎ ፒኑን ማየት ነው። መሸፈኛው ላስቲክ ጸጉር በማታህል ስንጥቅ ተከፍቶ፣ በዚያች ቀዳዳ የገባ የዋልካ ጭቃ ደርቆ፣ ግራሶው እንደ ሙጫ ጠጥሮ ይገኛል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ የአንዱ ፒን ጫፍ ትንሽ ላስቲክ ይለብሳል። ያገኙትን የጎማ ቋት ግራሶ ቢቀቡት፣ ከነዳጅ የተሠራው ዘይት ላስቲኩን ያሳብጠዋል፤ በጣት ይንሸራተት የነበረው ፒን መዶሻ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ላስቲኩ ይወቀሳል። ጥፋቱ ግን የግራሶው ነው፤ ለፍሬን ላስቲክ የተሠራ የሲሊኮን ግራሶ ቢቀባ ኖሮ አያብጥም ነበር።

ነሐስን የሚመርጡ ሰዎች ያለ ምክንያት አይናገሩም። ላስቲክ ጫና ሲበዛበት ይለመጣል፤ ካሊፐሩ ትንሽ ያዘነብላል፤ ሸራው እኩል አያልቅም። በውድድር ሜዳ ይህ እውነት ነው። የውድድር መኪና ግን በየውድድሩ ተፈትቶ ይጸዳል። የነሐሱ ቡሽ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ የሚከላከል ሽፋን የለውም፤ ክረምት ጭቃው፣ በጋ የገጠር መንገዱ አቧራ ገብቶ ፒኑን ይፍቀዋል፣ በኮረኮንች ላይም ይንኳኳል። በየወሩ ፈትቶ የሚያጸዳ ባለመኪና ካለ ነሐሱን ቢያስገባ አልቃወምም። እንዲህ ያለ ባለመኪና ግን ጥቂት ነው።

«በረሃው ራሱ ከውድድር ሜዳ በምን ይለያል?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው። የቁልቁለቱ ሙቀት የሚመጣው ፍሬን ላይ እግርን ጭኖ ከመውረድ ነው፤ ነሐስ ያንን ሙቀት በአንድ ዲግሪ አይቀንስም። የሚቀንሰው ዝቅተኛ ማርሽ ነው። ፔዳሉ የሚላላውም አብዛኛውን ጊዜ በጎሚኒ ምክንያት ሳይሆን በፍሬን ዘይት ነው። የዶት 3 ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወሰን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ጥሩ ላስቲክ በቅርብ አይገኝም የሚለውም እውነት ነው። ሆኖም ከአዲስ አበባ ነሐስ የሚያስመጣ ሰው፣ በዚያው መንገድ ጎሚኒውንና ሽፋኑን ማስመጣት ይችላል።

እንግዲህ ወደ በረሃው ከመውረድዎ በፊት የፊት ጎማዎቹን ያስፈቱና ፒኖቹን በእጅዎ ይሞክሯቸው። ፒኑ በሁለት ጣት ወጥቶ ካልገባ መኪናዎ ደጀንን አይለፍ።