ለካሜራ የተነገረ የትዳር ምስጢር

ኤድዋርድ በርንስ የተባለው አሜሪካዊ የፊልም ደራሲና ተዋናይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 «ኒውሊዌድስ» የተባለ ፊልም ለሕዝብ አቀረበ፤ ትርጓሜው «አዲስ ተጋቢዎች» ማለት ነው። ለሥራው ያወጣው ገንዘብ 9,000 ዶላር ብቻ ነበር። ከዚሁም ውስጥ 5,000 ለተዋናዮች፥ 2,000 ለመድን፥ የቀረው 2,000 ለምግብና ለመጠጥ መዋሉን ራሱ ተናግሯል። ፊልሙ የተነሣው በ12 ቀን ነው። መሣሪያውም ካኖን የተባለው፥ ማንም ፎቶግራፍ አንሺ በአንገቱ አንጠልጥሎት የሚዞረው ዓይነት ካሜራ ነው። ተዋናዮቹ የገዛ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ፤ ፊታቸውንም የሚያሰማምር ባለሙያ አልተቀጠረላቸውም።

ብዙ ሰዎች ይህን ሒሳብ እየጠቀሱ ሲደነቁ ይሰማል። ርካሽነት ግን ብቻውን ምስጋና አይገባውም፤ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ መጥፎ ነገር ሞልቷል። መጠየቅ የሚገባው፥ የገንዘቡ ማነስ ለታሪኩ ምን ጠቀመው የሚለው ነው። እኔ እንደማየው፥ ከንግግር በቀር ሌላውን ሁሉ ወሰደበት። በኒውዮርክ ከተማ ትራይቤካ በሚባለው ሠፈር ውስጥ ሰዎች በቤታቸው ይቀመጣሉ፥ በመንገድ ይሄዳሉ፥ ከምግብ ቤት ገብተው ይበላሉ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ይነጋገራሉ። ትዳርም ከሠርጉ ማግሥት ጀምሮ ይኸው ነውና፥ ድህነቱ ከነገሩ ጋራ ተስማማለት።

በርንስ ለዚህ ዓይነት ሥራ አዲስ አልነበረም። የመጀመሪያ ፊልሙን «ዘ ብራዘርስ ማክመለን»ን 25,000 ዶላር ያህል አውጥቶ ሠርቶ በ1995 በሰንዳንስ የፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት ተቀብሏል። በ2007 ደግሞ «ፐርፕል ቫዮሌትስ» የተባለውን ፊልሙን በሲኒማ አዳራሽ ሳያሳይ አይቱንስ በሚባለው መደብር በኩል በቀጥታ ለተመልካቹ ሸጠ። «ኒውሊዌድስ»ም በትራይቤካ የፊልም በዓል መዝጊያ ላይ ከታየ በኋላ፥ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሰው በየቤቱ ከፍሎ እንዲያየው ተለቀቀ። ወደ ቤት የገባ ፊልም ከአዳራሽ የተባረረ ነው የሚሉ አሉ። ስለ ጦርነትና ስለ ባሕር ማዕበል የሚያሳይ ሲሆን ምናልባት እውነት አላቸው። ስለ ባልና ሚስት የሆነ እንደ ሆነ ግን ቤት ስፍራው ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። በዚ የሚባለው ባል (ተዋናዩ በርንስ ራሱ ነው) እና ኬቲ የምትባለው ሚስት ሁለቱም ሌላ ትዳር አይተው የመጡ ናቸው። ስለዚህ ካለፈው ተምረናል ብለው ያምናሉ። የሥራ ሰዓታቸው አይገጥምም፤ በቀን የሚገናኙበት ጊዜ አነስተኛ ነው፤ ይህንም እንደ ብልሃት ይቈጥሩታል። እንዲህ ተደላድለው ሳሉ ሊንዳ የምትባል የበዚ እኅት፥ በአንድ ወላጅ ብቻ የምትገናኘው፥ ሳትጠራ ሻንጣዋን ይዛ ትመጣለች። መልከ መልካም፥ ቅብጥብጥ፥ የቀድሞ ወዳጅዋን ፍለጋ የወጣች ልጅ ናት። በሌላው ወገን የኬቲ እኅት ማርሻ ከባሏ ከማክስ ጋራ ለብዙ ዓመት የኖረችበት ትዳር ሲፈርስ ይታያል። ማርሻም የራሷ ቤት እየፈረሰ ስለ እኅቷ ቤት ትንቢት መናገር ትወዳለች፤ እንዲህ ያለችውን ሴት ሁላችንም የምናውቃት ይመስለኛል፤ ከፊልሙ ውስጥ የሚያስቀውም ክፍል አብዛኛው የእርሷ ነው።

የፊልሙ ዋና ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ አነጋገሩ ነው። ባሕርያቱ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ቈይተው ድንገት ወደ ካሜራው ዘወር ይሉና ለእኛ ይናገራሉ። ባል የሚስቱን እኅት ምን ያህል እንደ ተሰላቸ ለእኛ ያወራል። ሚስትም የባሏ እኅት በቤቷ ውስጥ መዋል ማደሯ እንደ ከበዳት ለእኛ ታሰማለች። ዉዲ አለን በ1992 «ሀዝባንድስ ኤንድ ዋይቭስ» በተባለው ፊልሙ ይህንኑ መንገድ ተጠቅሞበታል፤ በዚያ ግን የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ይሰማል። በዚህኛው የሚጠይቀውም ሆነ የሚሰማው ማን እንደ ሆነ አይነገረንም። ሰሚው እኛው ነን።

እንግዲህ ነገሩን በአገራችን ልማድ እንመልከተው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይገባል። ሽማግሌዎቹም ባልየውን ለብቻው፥ ሚስትየዋንም ለብቻዋ ይሰማሉ። ሰምተው ግን አይሄዱም። ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጠው፥ ለእኛ የነገርኸንን አሁን ለርሷ ንገራት፥ አንቺም ለእርሱ ንገሪው ይላሉ። ሥራው ሁሉ ያለው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው። የበርንስ ካሜራ የመጀመሪያውን ብቻ ያደርጋል። የሁለቱንም አቤቱታ ተቀብሎ ዝም ይላል። እኛም ሁለቱንም ስለ ሰማን ሁለቱም እውነት እንዳላቸው እናውቃለን፤ አስታራቂ እውቀት በእጃችን አለ፤ ለማቀበል ግን መንገድ የለንም። ሳቁ የሚወጣው ከዚህ ነው። ፊልሙም ከተራ የፍቅር ቀልድ ከፍ የሚለው በዚህ ነው፤ በተራዎቹ ፊልሞች ውስጥ ችግሩ አንዱ አንዱን አለማወቁ ነው፤ ኋላ ይተዋወቃሉ፥ ይሳሳማሉ፥ ያልቃል። እነዚህ ግን ይተዋወቃሉ፤ ችግራቸው የሚያውቁትን ለባለቤቱ አለመናገር ነው።

ደራሲው ይህንን አስቦ አደረገውን ቢሉኝ፥ በሙሉ አይመስለኝም። አስቦ ቢሆን ኖሮ በሊንዳ ላይ ያን ያህል ባልጫነባት ነበር። የጠቡን ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ በእንግዳዪቱ አለመታረም ላይ ይጥለዋል፤ ይህ ቀላል ፍርድ ነው። እንግዳ በመጣ ጊዜ የጐደለው እንጀራ ከመሶቡ ቀድሞ የጐደለ ነው። ሁለት ሰዎች የማይገጥመውን የሥራ ሰዓታቸውን እንደ ሰላም ዋስትና ሲቈጥሩ፥ ሊንዳ ባትመጣም ሌላ ነገር መምጣቱ አይቀርም፤ ልጅ፥ በሽታ፥ የሥራ መጥፋት። ፊልሙ ይህን ሊነካ እጁን ይዘረጋና መልሶ ይሰበስባል። ቋንቋውም ግልጥ፥ አንዳንድ ጊዜም ስድ ስለ ሆነ ከልጆች ጋራ የሚታይ አይደለም።

እንዲያም ሆኖ ባልና ሚስት አብረው ቢያዩት እወዳለሁ፤ በአዳራሽ ሳይሆን በቤት። በአዳራሽ ጨለማ ውስጥ ሁሉም ይስቃል፥ ማን በምን እንደ ሳቀ አይታወቅም። በቤት ግን መብራቱ በርቷል፥ ማቆሚያውም ከእጅ ነው። ኬቲ ለበዚ ያልነገረችውን ለካሜራው ስትነግር፥ በአጠገብ ከተቀመጡት ከሁለቱ አንደኛው ሳይስቅ የቀረ እንደ ሆነ ሌላው ይሰማዋል።