ስህተት ተብሎ የተቀመጠው ቅጂ

«ዕድሉን ቢያገኝ ይገድለናል።»

አንድ ሙሉ ፊልም በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሟል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ያችው ዓረፍተ ነገር፣ አንድም ቃል ሳይጨመርባት፣ ትርጉሟ ይገለበጣል። ፊልሙ የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «ዘ ኮንቨርሴሽን» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ወጥቶ የዚያን ዓመት የካን ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ወስዷል። መጨረሻውን ልናገር ስለሆነ ያላያችሁት አይታችሁ ተመለሱ።

ሃሪ ኮል (ጂን ሃክማን) የሰው ወሬ በድብቅ እየቀዳ የሚሸጥ ባለሙያ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ፣ ዩኒየን ስኩዌር፣ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አደባባዩን እየዞሩ ያወራሉ። ሃሪና ሰዎቹ ከተለያየ አቅጣጫ ይቀዷቸዋል። ከዚያ ወርክሾፑ ገብቶ ሦስቱን ቴፖች ጎን ለጎን ያጫውታል፤ አንዱ ላይ የጠፋውን ከሌላው ይሞላል። ከበሮ የዋጠውን አንድ ቦታ መላልሶ በማጣሪያ ሲያሳልፈው ያቺ ዓረፍተ ነገር ትወጣለች። ሃሪም አሠሪው ባለሥልጣን እነዚህን ልጆች ሊገድላቸው ነው ብሎ ይደነግጣል።

እኔ የምተዳደረው ኮድ በመጻፍ ነው፤ ስለዚህ እነዚህን ትዕይንቶች ስወዳቸው ለብቻው ነው። ጫጫታውን ታነሳለህ፣ እውነቱ ይቀራል። ንጹሕ ሥራ! ፊልሙ ግን ይህንን እምነት ነው ቀስ ብሎ የሚያፈርሰው። ሃሪ እያንዳንዱን ቃል በትክክል ሰምቷል። የሳተው የዓረፍተ ነገሩ ክብደት የት ላይ እንዳረፈ ነው። እሱ የሰማው «ይገድለናል» የሚለው ላይ ነበር፤ የሰጉ፣ የሚያሳዝኑ ልጆች ድምፅ። መጨረሻ ላይ ግን ክብደቱ «እኛን» ላይ ይወድቃል፦ ዕድሉን ቢያገኝ እኮ እሱም እኛን ይገድለናል። ያ ፍርሃት አይደለም፣ ለመግደል ምክንያት ማቅረብ ነው። ሟቹ ባለሥልጣኑ፣ ገዳዮቹ ደግሞ ልጆቹ ናቸው።

አሁን ከፊልሙ ጀርባ ወዳለው ሌላ ወርክሾፕ እንሂድ። ሥዕሉንና ድምፁን የመገጣጠሙን ሥራ የመራው ዋልተር መርች ነበር፤ ከሪቻርድ ቹ ጋር። ኮፖላ ወደ «ጎድፋዘር» ሁለተኛ ክፍል ስለሄደ መርች ብዙውን ጊዜ የታገለው ብቻውን ነው። ስክሪፕቱ ላይ ከነበሩት ትዕይንቶች አንዳንዶቹ ጭራሽ አልተቀረጹም። ስለዚህ ባለው መሥራት ነበረበት። ሃሪ ሴትዮዋን ጉም ውስጥ እየተከተለ ስለ ልጅነቱ የሚነግራት ትዕይንት፣ ለምሳሌ፣ ሲቀረጽ እውነተኛ ክስተት ሆኖ ነው። ከፊትና ከኋላው የሚያያይዘው ሲጠፋ መርች ሕልም አደረገው። ሕልም መሆኑ ደግሞ በጣም ልክ ነው፤ ሃሪ በእውኑ ለማንም እንደዚያ የሚናገር ሰው አይደለም።

ስለዚያች ዓረፍተ ነገር መርች የተረከው ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። የአደባባዩ ድምፅ በጫጫታ የተሞላ ስለነበር ሁለቱን ተዋንያን ሌላ ጸጥ ያለ ቦታ ወስዶ ንግግራቸውን እንደገና ቀዳ። በአንዱ ቅጂ ላይ ተዋናዩ ፍሬደሪክ ፎረስት ክብደቱን «እኛን» ላይ ጣለው። መርች ስህተት ነው ብሎ ወደ ጎን አስቀመጠው። ብዙ ወራት ቆይቶ፣ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል፣ ተመልካቹ ነገሩን እንዴት ይረዳው ብሎ ሲጨነቅ ያ ቅጂ ትዝ አለው።

ሁለቱን አስተያዩዋቸው። ፊልሙ ውስጥ ያለው ኤዲተር ቴፑን አጽድቶ፣ አጽድቶ፣ ተሳሳተ። ፊልሙን የሠራው ኤዲተር ደግሞ የማይረባ ያለውን ቅጂ ስላልጣለው ፊልሙን አዳነው።

«ይሄማ ማጭበርበር ነው» የሚል አይጠፋም። መጀመሪያ ሳየው እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። የተቀዳ ቴፕ ቴፕ ነው፤ ፋይሉ አይለወጥም፤ አንዴ የሰማነውን በሌላ ቅጂ መቀየር ተመልካችን መዋሸት ነው። አሁን ግን እንደዚያ አላስብም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቴፑን የሰማነው በሃሪ ጆሮ ነው። ሃሪ ደግሞ የቀድሞ ሥራው ሰው ያስገደለበት፣ ጸጸት የሚያሳድደው ሰው ነው። ንጹሐን ልጆች ሊሞቱ ነው ብሎ መስማት ፈልጎ ነበር፤ ሰማም። የተለወጠው ቴፑ ሳይሆን ሰሚው ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ነገር ሌላ ጣዕም አለው። እኛ ክብደቱን በድምፅ ብቻ አንተወውም፤ በሰዋስው እንናገረዋለን። «የሚገድለው እኛን ነው» ስንል ነገሩ አለቀ፣ ምስጢር የለም። ይህን ፊልም በአማርኛ የሚተረጉም ሰው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ መምረጥ አለበት፤ ከመረጠ ደግሞ ወይ መጨረሻውን አበላሽቶታል ወይ እንደ ሃሪ ተሳስቷል። ቅኔ ሲፈቱ የሰማ ሰው ግን ይገባዋል፦ ቃሉ ያው ነው፣ የት እንደምትሰብረው ነው ጉዳዩ።

መርች በኋላ «ኢን ዘ ብሊንክ ኦፍ አን አይ» በተባለ መጽሐፉ አንድን ቁርጥ ጥሩ የሚያሰኙ ስድስት ነገሮችን በመቶኛ ደርድሯል፤ ስሜት 51፣ ታሪክ 23፣ ሪትም 10፣ እያለ ይወርዳል። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ፤ በምን ለካው? ኋላ ነው የገባኝ። 51 ማለት ሌሎቹ አምስቱ ተደምረው እንኳ አያሸንፉትም ማለት ነው። ልኬት አይደለም፣ ስትጨነቅ የትኛውን እንደምታስቀድም የሚነግርህ ውሳኔ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን በራሴ እጅ ነው የተማርኩት። ጋሼ የምንላቸው አጎቴ ባረፉ በዓመታቸው፣ ለዝክሩ አጭር ቪዲዮ እንድሠራ ተጠየቅኩ። ስልኬ ውስጥ ረጅም ጨዋታቸው ነበር። ሳላቸውን አወጣሁ። ዝምታውን ቆረጥኩ። «እ...» እያሉ የሚያስቡበትን ሁሉ አጠፋሁት። ዐሥራ አንድ ደቂቃው አራት ሆነ፤ ጥርት ያለ። ባለቤታቸው እስከ መጨረሻው ካዩት በኋላ «ልጄ፣ ድምፁስ የሱ ነው፤ ሰውየው ግን የት ሄደ?» አሉኝ።

ጋሼ ከመናገራቸው በፊት ቆም የሚሉ ሰው ነበሩ። እኔ ጫጫታ ነው ብዬ የጣልኩት ያንን ነው። ደግነቱ ዋናውን ፋይል አላጠፋሁትም ነበር። ዝምታውን መለስኩት፣ ሳሉንም ጭምር። ቪዲዮው ዘጠኝ ደቂቃ ሆነ። እትዬ አሁን ስልካቸው ላይ የሚያዩት እሱን ነው።