«ገባ» ወይስ «ገቡ»?

ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረ ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ይታወቃሉ። በአንደኛ መደብ ልተርክ ወይስ በሦስተኛ? ምልልሱን በንግግር አማርኛ ልጻፈው ወይስ በመጽሐፍ አማርኛ? «አትንገር፣ አሳይ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? «አለ»፣ «አለች» በዛብኝ፤ ምን ላድርግ? አብዛኞቻችን መልስ ፍለጋ የምንሄደው ዩቲዩብ ላይ ነው፤ እዚያ የምናገኘው ደግሞ በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው የተሰጠ ምክር ነው። ምክሩ መጥፎ አይደለም። ግን አማርኛ ከሁሉም በፊት የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ አለ፤ እንግሊዝኛ ስለማይጠይቀው መልሱም እዚያ የለም። ተራኪያችን ማንን «እሱ»፣ ማንን «እሳቸው» ይላል?

እኔ ይህን ያወቅሁት ተሳስቼ ነው። አባቴ ካረፉ በኋላ ስለ እሳቸው አንድ አጭር ልብ ወለድ ጻፍኩ። የታክሲ ሹፌር ነበሩ። ታሪኩ የሚጀምረው ማታ ከሥራ ሲመለሱ ነው፤ «በሩን ከፍቶ ገባ። ጃኬቱን ሰቀለ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ፈታ» ይላል። ለእህቴ በቴሌግራም ላክሁላት። ማታ ደወለችልኝ።

«ጥሩ ነው። ግን ሰውየው ማነው?»

«አባባ ናቸዋ!»

ዝም አለች። ከዚያ፣ «አባባ መቼ ‹ገባ› ተብለው ያውቃሉ? እኛ ቤት ‹ገቡ› ነው የሚባሉት» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳን «አንተ» ብያቸው አላውቅም። ልጽፍ ስቀመጥ ግን ያነበብኳቸው አጫጭር ልብ ወለዶች «አለ»፣ «ገባ»፣ «ተቀመጠ» ስለሚሉ እኔም እንደዚያው አልኩ። ጃኬታቸውን፣ ጢማቸውን፣ ሳላቸውን ሳይቀር በደንብ ገልጬ ነበር። እህቴን አባቷን ያስጠፋባት አንድ ፊደል ነው፤ «ቡ» መሆን የነበረበት «ባ»።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። አንዳንድ የኮድ ቋንቋዎች የያዛችሁት ነገር ቁጥር ይሁን ጽሑፍ አስቀድማችሁ ካላሳወቃችኋቸው ወደ ሥራ አይገቡም። አማርኛም እንደዚያ ነው። የእንግሊዝኛ ጸሐፊ አንድን ሽማግሌ በር አስከፍቶ ሲያስገባ ስለ ሽማግሌውና ስለ ተራኪው ግንኙነት ምንም ላይናገር ይችላል። እኛ ግሱን ሳንጨርስ ተናግረነዋል። «ገቡ» ካልን የሚያየው ሰው ታናሽ፣ ጎረቤት ወይም ሠራተኛ ይመስላል፤ ቢያንስ የሚያከብር ሰው ነው። «ገባ» ካልን ደግሞ ወይ እኩያ ነው፣ ወይ የሚንቅ ነው፣ ወይ ደግሞ ሁሉንም ሰው ከአንድ ከፍታ የሚያይ፣ ቤተሰብም ሰፈርም የሌለው ተራኪ ነው። ይህ የመጨረሻው በአሁኑ ልብ ወለድ በጣም የተለመደ ነው፤ ምንም ክፋት የለውም። ክፋቱ ሳንመርጠው ሲመጣ ነው። የጀማሪ ጽሑፍ ሳነብ ደጋግሜ የማየው እንከንም ይኸው ነው፤ አቶ እገሌ አንደኛው ገጽ ላይ «ተነሡ»፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ «ሳቀ»። በመሀል ምን ተፈጠረ? ምንም። ጸሐፊው ረስቶታል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻን በአንቱታ ነው የሚተርኩልን። ልብ ወለዱ ለፊታውራሪው አይራራም፤ ኩራታቸውን፣ በዘራቸው መመካታቸውን፣ ከገበሬዎቻቸው ጋር የገጠሙትን ጠብ አንድ በአንድ ያሳየናል። ግሱ ግን እንዳከበራቸው ነው። ሳቁ የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ተራኪው አፉን ሞልቶ ቢሰድባቸው ኖሮ እኛ ልንከላከልላቸው እንችል ነበር። እሱ ግን አጎንብሶ እጅ እየነሣ ያጋልጣቸዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጥቀስ፤ ስለ ደራሲዎቻችን ስናወራም ይኸው ምርጫ አይለቀንም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ጻፉ» እንላለን፣ በዓሉ ግርማ «ጻፈ»። ማንም ቁጭ ብሎ ያወጣው ሕግ አይደለም፤ ግን ጆሯችን ያውቀዋል። በደርግ ጊዜም ሁሉም ሰው «ጓድ» ሲባል ዜናው ላይ «ጓድ ሊቀመንበር ገለጹ» ነበር የሚባለው። መጠሪያው እኩል አደረጋቸው፣ ግሱ እምቢ አለ።

ይህን ካየን በኋላ ቀድመው የተነሡት ጥያቄዎች መልካቸውን ይቀይራሉ። «አለ» በዛብኝ ለሚል ሰው፣ አማርኛ ምልልሱ ውስጥ ራሱ ተናጋሪውን ይጠቁማል፦

«ለምን አልደወልሽም?»

«ስልክህ ዝግ ነበር።»

«አልዘጋሁትም።»

አንድም «አለ» የለም፤ ማን እንደተናገረ ግን አልጠፋንም። ሁለቱም ወንዶች፣ ወይም ሁለቱም ሴቶች ቢሆኑ ይህ እርዳታ ይቀራል፤ ያኔ «አለ»ን ሳናፍር እንጠቀም። አንባቢ «አለ»ን ብዙም አያስተውለውም፤ «ሲል በቁጣ አምባረቀ»ን ግን ያስተውላል።

ምስጢር መደበቅ ለሚፈልግ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ማታ የገባው ገዳይ ወንድ ይሁን ሴት እንዳይታወቅ ብንፈልግ «ገባ»ም «ገባች»ም ያሳብቁብናል። አንቱታ ግን ጾታን ይሸፍናል፤ «ትናንት የደወሉት ሰው ዛሬም ደወሉ» ብንል ወንድ ይሁኑ ሴት አይታወቅም። አንደኛ መደብም ይሸፍናል፤ «ሄድኩ» ጾታ የለውም። ግን አንድ ሰው ተራኪውን «የት ነበርሽ?» ብሎ የጠየቀ ዕለት ምስጢሩ አለቀ። ስለዚህ «በአንደኛ መደብ ልተርክ?» ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ፣ ሌሎቹ ሰዎች መቼ እንደሚያናግሩት ማሰብ ነው። ይህ አዲስ ነገርም አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውና የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ታሪክ ውስጥ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ትጓዛለች። በእንዲህ ያለ ታሪክ፣ ምስጢሩን የማያውቅ ሰው ባናገራት ቁጥር እያንዳንዱ ግስ አደጋ ነው።

«የእኔ ትውልድ አባቱን ‹አንተ› ነው የሚለው» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፣ ብዙ ቤት እንደዚያ ነው። ልጇን በፍቅር «አንቺ» የምትል እናት አለች፤ ሴት ጓደኛውን «አንተ» የሚል ጎረምሳም አለ። እኔ አክብሩ አላልኩም፤ ወስኑ ነው ያልኩት። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሕግ አለው፤ ታሪኩም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ያ ሕግ ሲጣስ ነው። በጠብ መሀል «እርስዎ» ድንገት «አንተ» ሲሆን፣ ወይም ባልና ሚስት ተኳርፈው አንቱ ሲባባሉ፣ አንድ ገጽ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ወደ አባቴ ታሪክ ተመለስኩ። ግሶቹን ሁሉ ወደ አንቱታ ቀየርኩ። ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ግን ግሱ ሲቀየር ታሪኩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ተራኪው በግድ ልጅ ሆነ። አባቱ የተናደዱበት ትዕይንት ረዘመብኝ፤ «እሳቸውን» የሚል ልጅ ያን ሁሉ ጊዜ ቀና ብሎ ሊያያቸው አይችልም። መጨረሻ አካባቢ አንድ ወጣት ትራፊክ ፖሊስ ታክሲዋን የሚያስቆምበት ቦታ ነበር። በመጀመሪያው ረቂቅ እዚያ ላይ፣ «አባትየው በልጁ ፊት ስለተዋረደ ልቡ ተሰበረ» ብዬ ጽፌ ነበር። አሁን ያ ዓረፍተ ነገር ወጥቷል። የቀረው ይህ ነው፦

«መንጃ ፈቃድ አምጣ። ና ውረድ!»

«እሺ ጌታዬ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ አባባ።

ልጁ አባቱ «አንተ» ሲባሉ ሲሰማ የመጀመሪያ ጊዜው ነው፤ አባቱ ደግሞ በልጃቸው ዕድሜ ያለውን ሰው አንቱ አሉት። «አትንገር፣ አሳይ» የሚባለውን ምክር ዓመታት ስሰማው ኖሬ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። እዝነት የሚቀሰቅስ ዝናብ ወይም የሚንቀጠቀጥ እጅ ስፈልግ ነበር፤ የምፈልገው ነገር ግን ግሱ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል።

ረቂቅ ያላችሁ እስኪ አውጡት። እያንዳንዱ ሰው ሌላውን ምን ብሎ እንደሚጠራ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ተራኪውም ከዝርዝሩ እንዳይቀር። ከዚያ አንዱ የሚቀየርበትን ቦታ ፈልጉ። የሚቀየርበት ቦታ ከሌለ፣ ምናልባት ታሪኩ ገና አልጀመረም።