ቀዩ አፈርና የማዕድናት ሠንጠረዥ

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር፣ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ማስተማሪያ ተባዝቶ ከመምህር ወደ መምህር የሚተላለፍ፣ ስለ ንጥረ ነገሮችና ማዕድናት የሚያስረዳ አንድ ጽሑፍ አለ። የዚህ ሂስ አቅራቢ ጽሑፉን ያገኘው ሠልጣኝ መምህራን ለልምምድ ይዘውት ወደ ክፍል ሲገቡ ነው። አዘጋጁ የደከሙበት መሆኑ አይካድም፤ የንጥረ ነገሮቹ ምልክቶች በሥርዓት ተደርድረዋል፤ የዳሎልን ፖታሽ ከማዳበሪያ ጋር የሚያያይዘው አንቀጽም የሚመሰገን ነው።

ችግሩ የሚጀምረው «የአገራችን ማዕድናት» ከሚለው ሠንጠረዥ ነው። በዚያ የአዶላ ወርቅ፣ የዩብዶ ፕላቲኒየም፣ ብረት፣ አሉሚኒየምና ድንጋይ ከሰል በአንድ ረድፍ ተሰልፈዋል። ወርቅ ለብቻው ነጥሮ ስለሚገኝ ንጥረ ነገርም ማዕድንም ቢባል ያስኬዳል። አሉሚኒየም ግን በመሬት ውስጥ ከኦክስጅንና ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ እንጂ ብቻውን አይቆፈርም። ድንጋይ ከሰልም ከጥንት ዕፀዋት ቅሪት የተገኘ በመሆኑ፣ በጥብቅ ትርጉሙ ከማዕድን አይቆጠርም። በአማርኛችን «ማዕድን» የሚለው ቃል ከመሬት የሚወጣውን ሀብት ሁሉ ስለሚያጠቃልል ስሕተቱ በቀላሉ ይገባል፤ የመማሪያ ጽሑፍ ሥራው ግን ይህንን መለየት ነበር።

ከዚህ የባሰው፣ ሠንጠረዡ ማዕድንን የሩቅ አገር ሀብት ማድረጉ ነው። አንድ ሠልጣኝ «በእኛ አካባቢስ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሠንጠረዡን ተመልክቶ «የለም» ብሎ መለሰ። የጠየቀው ልጅ እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ በቀይ ጭቃ ተለውሶ ነበር።

ያ ቅላት ሄማታይት ከሚባለው የብረትና የኦክስጅን ማዕድን የመጣ ነው። ቢጫማው አፈር ደግሞ ጎታይት የተባለውን፣ ውሃ የተዋሐደውን የብረት ማዕድን ይዟል። መምህሩ ከዚህ ቢጫ አፈር ጥቂት በቆርቆሮ ላይ አድርጎ በከሰል ፍም ቢያግለው ውሃው ወጥቶ አፈሩ ይቀላል፤ ሸክላ ሠሪዎች ይህንን ለውጥ ዘወትር ያዩታል። ማዕድኑ ተለወጠ፣ ብረቱ ግን ብረት እንደሆነ ቀረ። በንጥረ ነገርና በማዕድን መካከል ያለውን ልዩነት ለማስረዳት ከዚህ የቀረበና ወጪ የማይጠይቅ ሙከራ አይገኝም።

ጽሑፉ ከምድር ቅርፊት ክብደት ኦክስጅን 46፣ ሲሊኮን 28፣ አሉሚኒየም 8፣ ብረት 5 በመቶ ያህል መሆናቸውን በትክክል ይዘረዝራል። ነገር ግን የአካባቢው ከባድ ዝናብ ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምንና ፖታሲየምን አጥቦ ሲወስድ ብረቱና አሉሚኒየሙ እንደሚቀሩ፣ አፈሩም አሲዳማ እንደሚሆን፣ ፎስፈረሱም በእነርሱ ተይዞ ለቡናው ሥር እንደማይደርስ አንዲት ቃል አላሰፈረም። የቤበቃን የቡና እርሻ እያየ ለሚያድግ ተማሪ ይህ የኬሚስትሪ ትምህርት ዋና ክፍል በሆነ ነበር። (በተፈጥሮ የሚገኙት ንጥረ ነገሮች 92 ብቻ ናቸው መባሉም መታረም አለበት፤ እንደ ፕሉቶኒየም ያሉት በእጅግ ጥቂት መጠን በዩራኒየም ማዕድን ውስጥ ስለሚገኙ ዛሬ ቁጥሩ 94 ያህል ይባላል።)

ዝናቡ የሚያጥበው ሌላም አለ። አዮዲን በደጋና በዝናባማ አገር አፈር ውስጥ ያንሳል፤ ከምግብ ሲጎድል እንቅርት ያስከትላል፣ በእርግዝና ጊዜ ሲጎድልም የሕፃኑን አእምሮ ይጎዳል። ለዚህም በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት አስገድዷል። አዮዲኑ በፀሐይ፣ በእርጥበትና በእሳት ስለሚባክን ጨው ተከድኖ መቀመጥ፣ ወጡ ከወጣ በኋላም መጨመር ይገባዋል። እንቅርት ያለባትን አያቱን በየቀኑ ለሚያይ ልጅ በተዘጋጀው በዚህ ጽሑፍ፣ ስለ አዮዲን የሰፈረው ምልክቱና 53 የሚለው ቁጥር ብቻ ነው።